ስምንቱ ሲሠሩ አንዱ ቢሳነው፦ የፋይል ስህተት በትይዩ ፕሮግራሞች ውስጥ ድምፁ ለምን ይጠፋል?

የደብረ ብርሃን የኅዳር ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ፣ ሌሊቱን ሲሠራ ካደረው ኮምፒውተር አጠገብ ቆሜ ስክሪኑን አየሁ፤ የመጨረሻው መስመር «ተጠናቋል» ይላል። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከየወረዳው የመጡ፣ ስካን የተደረጉ የመሬት ይዞታ ሰነዶችን እያነበበ፣ መጠናቸውን እየቀነሰ፣ ስማቸውን እያስተካከለ ወደ አዲስ ፎልደር ይጽፋል። በአንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ በሚሮጥ አንድ የፕሮግራም ቅጂ ብቻ፣ ቢሄድ ሁለት ቀን ስለሚፈጅ ለስምንት አከፋፍዬው ነበር። «ተጠናቋል» የሚለውን አንብቤ ለኃላፊው ሥራው ማለቁን ነገርኩት።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከመንዝ በኩል አንድ አዛውንት በርኖሳቸውን ደርበው መጡ። የድንበር ክርክር ገጥሟቸው የሰነዳቸውን ቅጂ ይፈልጋሉ። ፋይላቸውን ፈለግሁ። ስሙ አለ፣ ቀኑ ትክክል ነው፣ መጠኑ ግን ዜሮ ነው። ከፈትኩት፤ ባዶ።

«አባቴ፣ ደብተርዎን ለስካን በእርግጥ ሰጥተው ነበር?» አልኳቸው። ያን ጥያቄ ዛሬም ሳስታውሰው ይቆጨኛል።

«እኔማ ሰጥቼ ነበር ልጄ። መግባቱን የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ እንጂ» አሉኝ።

መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሞዴል 19ን ያውቃል። ዕቃ ግምጃ ቤት ሲገባ ንብረት ክፍሉ አይቶ፣ ቆጥሮ፣ ፈርሞ የሚቆርጠው የገቢ ደረሰኝ ነው። ሞዴል 19 ሳይቆረጥለት «ዕቃው ገብቷል» ብሎ የሚፈርም የንብረት ሠራተኛ አይኖርም። የእኔ ፕሮግራም ግን ስምንት ሠራተኛ አሰማርቶ፣ ከአንዳቸውም ደረሰኝ ሳይቀበል፣ ሁሉም እንደ ገባ አድርጎ ፈረመ። በብዙ ፕሮሰስ ፋይል የሚጽፍ ሰው የስህተት አያያዙን ራሱ ካልደነገገ፣ ድንጋጌውን የሚያወጣለት የመሣሪያው ነባሪ ጠባይ፣ ማለትም ካልታዘዘ በራሱ የሚያደርገው ነገር፣ ነው፤ ያ ጠባይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው።

ሌሊቱን የሆነው

ሌሊቱን ዲስኩ ሞልቶ ነበር። አዲስ ፋይል ለመጻፍ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሆነው ስሙ ፎልደሩ ውስጥ መመዝገቡ ነው፤ ይዘቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዲስክ ሞላ በሚባልበት ሰዓት እንኳ ስም ለመመዝገብ የሚበቃ ቦታ ብዙ ጊዜ አይታጣም። ይዘቱ ይጻፍ ሲባል ግን ሊኑክስ ቁጥር 28 ብሎ የሚያውቀውን ስህተት ይመልሳል፤ ትርጉሙ «ዲስኩ ላይ ቦታ የለም» ነው። ስለዚህ ስሙ ይመዘገባል፣ ገላው ሳይመጣ ይቀራል። ነባር ፋይል ላይ ለመጻፍ ሲከፈት ደግሞ ይብሳል፤ በተለመደው አከፋፈት የድሮው ይዘት በመክፈቻው ቅጽበት ይጠፋና አዲሱም ሳይገባ፣ አሮጌውም ሳይተርፍ ይቀራል።

ዲስኩን የሞሉት የራሴው ስምንት ፕሮሰሶች ናቸው። እያንዳንዳቸው ምስሉን ሲያሳንሱ ትልቅ ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥራሉ፤ ሲጨርሱ ያጠፉታል። ስምንቱም ከባድ ከባድ ሰነድ ባንድ ላይ በያዙባት ደቂቃ ቦታ ያልቃል፤ ጥቂት ቆይቶ አንዱ ጊዜያዊውን ሲያጠፋ ቦታ ይገኛል። ባዶዎቹ ፋይሎች በተከታታይ ሳይሆን እዚህም እዚያም ተበትነው የተገኙት ለዚህ ነው። ጠዋት ስመጣ ዲስኩ ሰፊ ቦታ ያሳይ ነበር። በአንድ ፕሮሰስ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ፤ ቢሆንም ፕሮግራሙ እዚያው ቆሞ ምክንያቱን ይናገር ነበር። ስምንት ሲሆኑ ግን ስህተቱን ራሳቸው ወለዱት፣ ማስረጃውንም ራሳቸው ጠረጉት።

ታዲያ ስህተቱ አልተነሣም ወይ? ተነሥቷል። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ሥራን ለብዙ ሠራተኛ የሚያከፋፍለው መሣሪያ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ የቀጠሮ ወረቀት ይቆርጣል፤ ፊውቸር ይባላል። ሠራተኛው ስህተት ከገጠመው ስህተቱ እዚያ ወረቀት ውስጥ ይታሸጋል። አለቃው ፕሮግራም «ውጤቱን ስጠኝ» ብሎ ወረቀቱን ካልከፈተ፣ ስህተቱ እንደ ታሸገ ይቀራል፤ ስክሪኑ ላይ አንዲት ፊደል አትወጣም። እኔ ሥራውን አስገብቼ ሁሉም እስኪያልቅ ጠበቅኩ እንጂ አንዱንም ወረቀት አልከፈትኩም። ተራ ትሬድ፣ ማለትም በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ ክር፣ ቢሆንም ብዙ አይሻልም። ትሬዱ መልእክት አውጥቶ ይሞታል፣ ዋናው ፕሮግራም ግን ቀጥሎ በመጨረሻ የስኬት ኮድ መልሶ ይወጣል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መልእክቱን የሚያነብ ማን አለ?

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ፋይል ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ነቀዙም የሚታየው ጎተራው በተከፈተ ቀን ነው።

ከአንድ ክፍል ያለፈ ጉዳይ

የሰሜን ሸዋ ወረዳዎች የመዝገብ ክፍል ገብቶ ያየ ሰው ሁኔታውን ያውቃል። ለዓመታት በመደርደሪያ የተከመረው ወረቀት አሁን በችኮላ ወደ ፋይል እየተቀየረ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተከትሎታል። የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከደብረ ብርሃን እስከ ዓለም ከተማ ኮድ መጻፍ የጀመረ ወጣት በየሠፈሩ አለ። ላፕቶፑ ስምንት ኮር አለው፤ ሥራውን ለስምንት ማከፋፈል ፓይተን ላይ ሦስት መስመር ኮድ ነው። ፈጣን የማድረጉን ትምህርት በአንድ ከሰዓት ያገኘዋል። ሲበላሽ ምን እንደሚሆን የሚያስተምረው ግን ባዶ ፋይል ፊት የቆመበት ቀን ይሆናል። ያ ቀን ደግሞ የሚመጣው በሌላ ሰው ሰነድ ላይ ነው፤ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው።

ማጭዱ የተሰበረበት

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በብዙ መቶና ሺህ ፕሮሰስ የአየር ንብረትና የፊዚክስ ስሌት የሚሠሩ ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በፊት ተወያይተውበታል። ፕሮሰሶች መልእክት የሚለዋወጡበት ኤምፒአይ የተባለው ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሁለተኛው ቅጽ ብዙ ፕሮሰስ አንድ ፋይል ላይ ባንድነት የሚጽፉበትንና የሚያነቡበትን ክፍል ጨመረ። በዚያን ጊዜ የተደረገ አንድ ምርጫ አለ፤ በደንብ ካልተረዳነው ይጎዳናል።

በኤምፒአይ የመልእክት ልውውጥ ስህተት ሲገጥም ነባሪው ጠባይ ሁሉንም ፕሮሰስ መግደል ነው። ፋይል ላይ ስህተት ሲገጥም ግን ነባሪው ጠባይ የስህተት ኮድ መልሶ ዝም ማለት ነው። ምክንያቱ በስታንዳርዱ ውስጥ ተጽፏል፦ የፋይል ስህተት ብዙ ጊዜ ያን ያህል አጥፊ አይደለም፤ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መልስ ለተቀበለ ፕሮግራም ሌላ መንገድ ይኖረዋልና በዚህ ምክንያት ብቻ የሦስት ቀን ስሌት መገደል የለበትም። በሐሳቡ እስማማለሁ። አደጋው ግን የሚመለሰውን ኮድ ማንበብ የሰው ፈንታ መሆኑ ነው። ሲ ቋንቋ ውስጥ የተመለሰውን ቁጥር ሳታየው ብታልፍ የሚይዝህ የለም። የመልእክቱን ጠባይ ያየ ሰው «ችግር ቢኖር ፕሮግራሙ ይቆም ነበር» ብሎ ያስባል፤ ፋይሉ ላይ ግን አይቆምም።

ለዚህ የተሰጠው መፍትሔ የራስን የስህተት ተቆጣጣሪ ጽፎ ፋይሉ ላይ ማሰር ነው። ስህተት በተነሣ ቁጥር ስታንዳርዱ ያንተን ተግባር ይጠራና የፋይሉን እጀታ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተከፈተውን ፋይል የሚይዝበትን መለያ፣ እና የስህተቱን ኮድ ያስረክበዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ አለ። ተቆጣጣሪውን የሚያስረው ፋይሉ ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ከሁሉ በፊት የሚሳነው ግን መክፈቱ ራሱ ነው። ገና ያልተከፈተ ፋይል እጀታ ስለሌለው፣ የመክፈት ስህተት የሚሄደው «ባዶ ፋይል» ለሚባለው ልዩ እጀታ ነው፤ ባዶው እጀታ ላይ የታሰረውን ተቆጣጣሪ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚከፈቱ ፋይሎች ሁሉ ይወርሱታል። ስለዚህ ተቆጣጣሪህን መጀመሪያ እዚያ እሰር፣ ከዚያ ፋይልህን ክፈት። ይህን ቅደም ተከተል ያገላበጠ ፕሮግራም ቆንጆ ተቆጣጣሪ ይዞ አንድም ጊዜ ሳይጠራው ይሞታል።

ተቆጣጣሪው ተጠራ እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉ የከበደው ነው፤ በምንጃር የጤፍ አጨዳ ደቦ ልመስለው። ሰዎቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው ያጭዳሉ፤ አንዱ ፊቱ ያለችውን ጨርሶ ሲቆም ሁሉም እስኪደርሱ ይጠብቃል፣ ከዚያ ባንድ ላይ ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። አሁን የአንዱ ማጭድ ተሰበረ። ሰውየው ለማንም ሳይናገር ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ቤቱ ቢሄድ የቀሩት እሱን ሲጠብቁ ጀምበር ትጠልቃለች። ኤምፒአይ ውስጥ የጋራ የሚባሉ ተግባራት፣ ፋይል መክፈትን ጨምሮ፣ ልክ እንዲህ ናቸው፤ ሁሉም ፕሮሰስ መጥራት አለበት። አንዱ ስህተት አይቶ ከተግባሩ በጊዜ ቢወጣና የቀሩት ወደሚቀጥለው የጋራ የመጻፍ ተግባር ቢያልፉ፣ ፕሮግራሙ አይሞትም፣ አይሠራምም። ሃንግ ያደርጋል። የኮምፒውተሩ ጊዜ ግን ይቆጠራል።

ስለዚህ ስህተት ያየው ፕሮሰስ ብቻውን አይወስን። እያንዳንዱ «እኔ ደህና ነኝ» ወይም «እኔ ተሳነኝ» የሚል አንድ ቁጥር ይዞ ይቅረብ፣ ቁጥሮቹ ይነጻጸሩ፣ ከሁሉ የከፋው ለሁሉም ይሰራጭ። ኤምፒአይ ይህን በአንድ ጥሪ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ሁሉም አንድ መልስ በእጁ ስላለ ባንድ ላይ ይቀጥላሉ ወይም ባንድ ላይ ይወጣሉ። ሁለት ጥንቃቄ አለው። የስህተት ኮዶቹ ቁጥር ከአንዱ የኤምፒአይ ሥሪት ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ከማነጻጸር በፊት ኮዱን ወደ ስህተት መደብ መቀየር ያስፈልጋል፤ «ፋይል የለም»፣ «ፈቃድ የለም»፣ «ቦታ የለም»፣ «ኮታ አልቋል» የሚሉት መደቦች በስታንዳርዱ ተሰይመዋል። ከነሱ የማይገጥም የራስህ ዓይነት ስህተት ካለህ፣ ለምሳሌ «ሰነዱ ማኅተም የለውም»፣ የራስህን መደብ፣ ኮድና መግለጫ መጨመር ይፈቀዳል። ሁለተኛው ጥንቃቄ፣ ይህን ምክክር ተቆጣጣሪው ተግባር ውስጥ አታድርገው። ተቆጣጣሪው የሚጠራው የተሳነው ፕሮሰስ ዘንድ ብቻ ነው፤ እዚያ ውስጥ ሆኖ ሌሎቹን ቢጠራ የሚመልስለት የለም፣ ራሱም ቆሞ ይቀራል። ተቆጣጣሪው ይመዝግብ፤ ምክክሩ ሁሉም በሚያልፉበት ዋና መንገድ ላይ ይሁን።

ስህተቱ ምን ተሸክሞ ይምጣ?

ወደ መዝገብ ክፍሉ ልመለስ። ፕሮግራሙን አስተካክዬ ወረቀቶቹን ሁሉ እንዲከፍት ሳደርግ፣ ስህተቶቹ መውጣት ጀመሩ፤ የሚሉት ግን «ቦታ የለም» ብቻ ነበር። የትኛው ሰነድ? ሲያነብ ነው ሲጽፍ? ስንተኛው ሠራተኛ? ፕሮሰሱ አንድ ሲሆን ከስህተቱ በፊት ያለውን የሎግ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ) መስመር አይተህ ትገምታለህ። ስምንት ሲሆኑ የስምንቱ ሎግ እንደ ገበያ ወሬ ይቀላቀላል፤ ከስህተቱ በላይ ያለው መስመር የሌላ ሠራተኛ ነው።

የራስን የስህተት ዓይነት መፍጠር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አሁን የምጠቀምበት ስህተት ሎግ ውስጥ እንዲህ ይነበባል፦ «ሠራተኛ 5፤ ደረጃ፦ መጻፍ፤ ሙከራ፦ 1፤ ፋይል፦ ከነሙሉ መንገዱ፤ የተጻፈ፦ 0 ባይት፤ ምክንያት፦ 28፣ ቦታ የለም»። የመጀመሪያው የሥርዓቱ ስህተትም ሳይጣል ከሥሩ ተያይዞ ይቀመጣል። «ፋይል ላይ ችግር ተፈጥሯል» ብሎ ዋናውን ምክንያት የሚሰውር የራስ ስህተት፣ ባይጻፍ የተሻለ ነበር።

ይህን ስጽፍ አንድ ወጥመድ ያዘኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይያዝበት ልዘርዝረው። ፓይተን ውስጥ በሌላ ፕሮሰስ የተነሣ ስህተት ወደ አለቃው የሚደርሰው ወደ ባይት ተጠቅልሎ፣ በቧንቧ አልፎ፣ እዚያ ተፈትቶ ነው። ጥቅሉ የሚይዘው ስህተቱ ለወላጅ ክፍሉ፣ ማለትም ለወረሰው የፓይተን የስህተት ክላስ፣ ያቀበለውን ነገር ነው። የእኔ ስህተት ሲፈጠር ሦስት ነገር ይፈልግ ነበር፦ ፋይሉን፣ ደረጃውንና ምክንያቱን። ለወላጁ ያቀበልኩት ግን አንድ መልእክት ብቻ ነበር። ሲጠቀለል ችግር የለም። ሲፈታ ግን ፓይተን በዚያች አንዲት መልእክት ስህተቱን እንደገና ሊፈጥረው ይሞክራል፤ ሦስት የሚፈልግ አንድ ሲሰጡት መፍታቱ ራሱ በስህተት ይወድቃል። መልቲፕሮሰሲንግ ፑል በሚባለው የፓይተን ሥራ ማከፋፈያ ውስጥ ያን ጊዜ የሚሞተው ውጤት ተቀባዩ ትሬድ ነው፤ ዋናው ፕሮግራም የማይመጣ መልስ እየጠበቀ ለዘላለም ይቆማል። ስህተትን ለመናገር የጻፍኩት ኮድ ፕሮግራሙን ዲዳ አደረገው። መድኃኒቱ አጭር ነው፦ ስህተትህ የሚቀበለውን ሁሉ ሳታጎድል ለወላጅ ክፍሉ አቀብል። ከዚያም በሙከራ ሆን ብለህ ስህተት አስነሣና ከሠራተኛው ወደ አለቃው በሰላም መድረሱን እይ። የፋይል አያያዙን ሳልሞክር አላሰማራም የሚል ሰው የስህተቱን መንገድም ይሞክር።

ስህተቱ በዝርዝር ሲመጣ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ውሳኔ መስጠት ይቻላል። ያንን ለአንድ ነባሪ ጠባይ መተው ትልቅ ስህተት ነው። በኔትወርክ የተያያዘ ፎልደር ለአፍታ ቢጠፋ ጥቂት ጠብቆ መሞከር ይገባል፤ የሙከራው ብዛት ግን ይወሰን፣ ስምንቱም በአንድ ቅጽበት ተመልሰው እንዳይመጡ የጥበቃው ርዝመት ይለያይ። አንድ ሰነድ ሲነበብ ተበላሽቶ ከተገኘ እሱን ለይቶ ማስቀመጥና ሌሎቹን መቀጠል ነው፤ በአንድ የተቀደደ ገጽ ምክንያት የሦስት ወረዳ ሥራ አይቆምም። ዲስክ ሲሞላ ግን ሁሉም ይቁሙ። እዚህ ላይ «እንደገና ሞክር» ማለት ስምንት ሠራተኛ ባዶ ስም እየመዘገበ እንዲሄድ መፍቀድ ነው። ፎልደሩ «ለንባብ ብቻ» ሆኖ ሲገኝም እንዲሁ ነው፤ ያ ብዙ ጊዜ የዲስኩን መታመም የሚያሳይ ምልክት ነው።

የማይጠበቅ ጠባይ ያላቸው ሌሎችም አሉ። መጻፍ የተባለው ጥሪ ከጠየቅከው ባይት ያነሰ ጽፎ ያለ ስህተት ሊመለስ ይችላል። ፋይል መዝጋት ራሱ ስህተት ሊመልስ ይችላል፤ በተለይ በኔትወርክ ዲስክ ላይ የኮታ ማለቅ የሚሰማው መዝጊያው ላይ ነው። ብዙ ሰው የመዝጊያውን መልስ አያይም።

ዓለም ከተማ ወይስ አለም ከተማ?

በውጭ አገር መጽሐፍ የማይገኝ፣ የእኛው የሆነ የስህተት ምንጭ አለ፤ የፋይል ስም በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ። በተለመዱት የሊኑክስ ፋይል ሥርዓቶች የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት ማለፍ አይችልም። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ 255 ፊደል ይይዛል። የእኛ ፊደል ግን ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል አቀማመጥ ሦስት ሦስት ባይት ይወስዳል። 255ን ለሦስት ብናካፍለው 85 ፊደል ነው። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ስለሆነ እዚያ እስከ 255 ፊደላችን ያስኬዳል። ስካን ያደረገችው የመዝገብ ሠራተኛ በዊንዶውስ ላይ የባለይዞታውን ስም እስከ አያት፣ የባለቤቱን ስም፣ ቀበሌውን፣ የጎጡን ስምና የማሳውን መለያ በፋይሉ ስም ላይ ጽፋ በሰላም ታስቀምጣለች። ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሲገለበጥ ግን «ስሙ ረዝሟል» የሚል ስህተት ይነሣል። ዲስኩም ደህና ነው፣ ሰነዱም ደህና ነው። ይህን ስህተት «ሌላ» ከሚለው ጋር የሚጨፈልቅ ፕሮግራም፣ ስማቸው በሙሉ የተጻፈላቸውን ሰዎች ሰነድ እየመረጠ ይጥላል።

ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። አንዱ «ዓለም ከተማ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «አለም ከተማ» ይላል። አንዷ «ኃይለ ሥላሴ»፣ ሌላዋ «ሀይለ ስላሴ»። ለእኛ አንድ ንባብ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ የማይገናኙ ስሞች ናቸው። ስለዚህ «ፋይሉ አልተገኘም» ሲል ፋይሉ የለም ማለት ላይሆን ይችላል። የእኔ ፕሮግራም ስሙን የሚያስተካክለው ለዚህ ነበር፤ ሐ፣ ኀና ሀን ወደ አንድ፣ ሠና ሰን ወደ አንድ ያመጣል። ይህም የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል። በፊደል የሚለያዩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ከማስተካከያው በኋላ አንድ ስም ይሆናሉ። ሦስተኛው ሠራተኛ የአንዱን ይጽፋል፣ ሰባተኛው የሌላውን ከላዩ ይጽፍበታል። ስህተት የሚባል ነገር አይነሣም፤ አንድ ሰው ግን ከመዝገብ ጠፍቷል።

«መጀመሪያ ፋይሉ መኖሩን አረጋግጥ፣ ከሌለ ጻፍ» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። በማረጋገጡና በመጻፉ መካከል ባለችው ቅጽበት ሌላው ሠራተኛ ቀድሞ ይገባል። የሚሠራው ፋይሉን «ካለ እንቢ በል» በሚለው አከፋፈት መክፈት ነው፤ ማረጋገጡንና መፍጠሩን ሥርዓቱ ራሱ በአንድ እርምጃ ያደርገዋል። «ፋይሉ አለ» የሚለው ስህተት ሲመለስ ደስ ሊለን ይገባል፤ ሰው ሊጠፋ ሲል የጮኸ ደወል ነው። ያኔ ሁለቱ ሰነዶች ለሰው ዓይን ይቅረቡ።

ዲስኩ «እሺ» ሲል

ፕሮግራሙ ጻፍኩ ሲል የጻፈው ብዙ ጊዜ ወደ ኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ (ራም) ነው፤ ወደ ዲስኩ የሚወርደው ቆይቶ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚጎዳን በዚህ መካከል ያለው ጊዜ ነው። «አሁን ወደ ዲስክ አውርድ» የሚል ኤፍሲንክ የተባለ ጥሪ አለ። እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢዎች አንድ ነገር ተረዱ፦ ሊኑክስ ላይ ኤፍሲንክ አንድ ጊዜ ስህተት መልሶ እንደገና ቢጠራ፣ ያልወረደው መረጃ እንደ ወረደ ተቆጥሮ ሁለተኛው ጥሪ «ተሳክቷል» ሊል ይችላል። ለዓመታት ብዙ ፕሮግራም «ካልሆነ እንደገና ሞክር» እያለ ሲኖር፣ ሁለተኛው ሙከራ የሚያሳየው ስኬት ባዶ ነበር። የወሰኑት ውሳኔ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ በወጡት ሥሪቶች ገባ፤ ኤፍሲንክ ከተሳነው ዳታቤዙ ራሱን አቁሞ ከራሱ የለውጥ መዝገብ እንደገና ይነሣል። እንዲህ የተፈተነ ሶፍትዌር እንኳ አንድ የስህተት መልስ ምን ማለት እንደሆነ ለመጠየቅ ይህን ያህል ዓመት ከፈጀበት፣ በየቢሮው በጥድፊያ የምንጽፈው ኮድ ምን ያህል ሊጠየቅ እንደሚገባው ያሳያል።

እኔ አሁን የምከተለው መንገድ ይህ ነው። ሠራተኛው በመጨረሻው ስም ላይ በቀጥታ አይጽፍም። እዚያው ፎልደር ውስጥ በጊዜያዊ ስም ይጽፋል፣ ወደ ዲስክ ያወርዳል፣ ይዘጋል፤ የእያንዳንዱን መልስ ያያል። ከዚያ ፋይሉን እንደገና ከፍቶ አንብቦ መጠኑንና ቼክሰሙን (ከይዘቱ የሚሰላውን የማመሳከሪያ ቁጥር) ከጻፈው ጋር ያመሳክራል። ስሙ ካልተያዘ ብቻ ወደ ትክክለኛው ስም ያዛውረዋል። መብራት በየትኛውም ቅጽበት ቢጠፋ፣ በትክክለኛው ስም ያለው ፋይል ወይ ሙሉ ነው ወይ የለም። ግማሽ የለም፣ ባዶ የለም። ማመሳከሩ ካለቀ በኋላ ሠራተኛው ለአለቃው አንድ መስመር ይልካል፦ የሰነዱ ስም፣ መጠን፣ ቼክሰም። ሞዴል 19 የምለው ይህችን መስመር ነው። አለቃው በመጨረሻ የላካቸውን ሥራዎችና የተቀበላቸውን ደረሰኞች ያነጻጽራል፤ አንዲት ከጎደለች «ተጠናቋል» የሚለው ቃል አይጻፍም፣ ፕሮግራሙም የስኬት ኮድ አይመልስም። ይህ ሁሉ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል። የአንድ ሌሊቱ ሥራ እስከ ረፋድ ዘልቋል፤ ይዝለቅ።

በድጋሚው ሥራ ማለዳ ከ«ተጠናቋል» ፋንታ አንድ የታተመ ወረቀት ወጣ፤ ርእሱ «ያልገቡ» ይላል። ሥሩ ያሉት ጥቂት ስሞች ናቸው። አንዱ ስሙ ከ85 ፊደል ያለፈ፣ ሁለቱ በሞክሼ ፊደል የተጋጩ፣ የቀሩት ሲነበቡ የተበላሹ። የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ ወረቀቱን ይዛ ወደየቀበሌው ስልክ መደወል ጀመረች።

አዛውንቱ ደብተራቸውን ይዘው በተቀጠሩበት ቀን ተመለሱ። ስካን አድርገን፣ ደረሰኙ እስኪመጣ ጠብቀን፣ ፋይሉን ከሰርቨሩ ላይ ከፍቼ ስክሪኑን ወደሳቸው አዞርኩት። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አዋሳኞቹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ምሥራቁን፣ ምዕራቡን፣ ሰሜኑን። ደቡቡ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አቆሙና የጎረቤታቸውን ስም ሁለት ጊዜ ደገሙት።